«ስሟን ይዛ ብትቀር ይሻላት ነበር»

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ግቢ ውስጥ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻ አለ። ጠዋት ከእግር ጉዞ ስመለስ አረፍ ብዬ አያለሁ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ሕፃናት ይለማመዳሉ። አጥር ዘላ የወጣች ኳስ ለማምጣት ሁሌም አንድ ልጅ ይሮጣል። ክረምቱ እንደወጣ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከሕፃናቱ መሀል አንዲት ትልቅ ልጅ አየሁ። በመልክ አውቃታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሜዳ ላይ ወንድ ሴት ሳይባል የሚችላት አልነበረም። ከዚያ ጉልበቷን ተጎዳችና ጠፋች።

አሁን ተመልሳለች። ጉልበቷ ላይ ላስቲክ ፋሻ አድርጋለች። ከመረቡ ማዶ ያለው ተጋጣሚዋ ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ነው። ሰርቭ ልታደርግ ኳሷን ወደ ላይ ትወረውራለች፤ ሳትመታት መልሳ ትይዛታለች፤ እንደገና ትወረውራለች። ራቅ ብላ ለምታርፍ ኳስ ትነሳና ግማሽ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ትላለች። ጉልበቷን እየሰማች እንደምትጫወት ከሩቅ ያስታውቃል። ልጁ ውጤቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፦ «ፊፍቲን ፎርቲ!» ፎርቲው የሱ ነው።

አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ እቺ ልጅ! ስሟን ይዛ ብትቀር ይሻላት ነበር።»

«ምነው ጋሼ?»

«ሰው የሚያውቃት ስታሸንፍ ነዋ። ማን ይሙት፣ ሕፃን ሲረታት ማየት ምን ደስ ይላል?»

በክፋት አልነበረም ያሉት። አዝነውላት ነው። የከነከነኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢለው ኖሮ እዚያው ረስቼው እሄድ ነበር። ከወዳጅ አፍ ሲወጣ ግን ቃሉ ምክር ይመስላል። ደግሞ የሳቸው ብቻ አይደለም። የምንወደው ስፖርተኛ መሸነፍ ሲጀምር ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ይኸንኑ ነው የሚለው። «በክብሩ ቢያቆም ምናለ?» «ስሙን እኮ እያበላሸ ነው።» ቴኒስ ከልጅነቴ ጀምሮ እከታተላለሁ። ይህ ቃል ያልተባለበት ታላቅ ሻምፒዮን አላውቅም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ነገሩን መላልሼ ሳስበው ከረምኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የወደቀ ግንድ

ሻምፒዮን በሻምፒዮን ቢሸነፍ ማንም አይገርመውም። የሚያስደነግጠው ስሙን ሰምተነው በማናውቀው ተጫዋች ሲሸነፍ ነው። ፒት ሳምፕራስ 2002 ዊምብልደን ላይ በዓለም 145ኛ በነበረው ጆርጅ ባስትል ተሸነፈ። ዊምብልደንን ሰባት ጊዜ የወሰደ ሰው ነው። ሮጀር ፌደረርን 2013 እዚያው ዊምብልደን ላይ ያሰናበተው 116ኛው ሰርጌ ስታኮቭስኪ ነበር። ከዚያ በፊት ፌደረር ግራንድ ስላም በሚባሉት አራቱ ታላላቅ ዓመታዊ ውድድሮች በተከታታይ 36 ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ኖቫክ ጆኮቪች ደግሞ 2018 ፓሪስ ላይ በ72ኛው ማርኮ ቼኪናቶ ተሸነፈና ወደ ሣር ሜዳው ውድድር መሄዱን እንኳ እንደማያውቅ ተናግሮ ወጣ።

ምክንያቱ እንደየሰው ነው። የአንዱ ክርን ነው፣ የሌላው የእጅ አንጓ፣ የሌላው ትዳር። ሴሬና ዊልያምስ 2011 ላይ ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ ለሞት ተቃርባ ነበር። ሞኒካ ሴሌሽን 1993 ሀምቡርግ ላይ፣ በጨዋታ መሀል ለእረፍት በተቀመጠችበት፣ አንድ ሰው ከጀርባዋ በቢላ ወጋት። ከሁለት ዓመት በላይ ሜዳ አልረገጠችም። ተመልሳ 1996 የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸነፈች። የሷን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር መጻፍ ራሱ ይከብደኛል፤ የደረሰባት ነገር ወንጀል ነውና።

ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከዳር ያለው ሰው ቃል ግን አይለወጥም። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። ሳምፕራስ በዚያው 2002 ዩኤስ ኦፕን ሲገባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዋንጫ አላነሳም። ተጋጣሚው ግሬግ ሩሴድስኪ አምስት ዙር በፈጀ ጨዋታ ተሸንፎለት እንኳ፣ ሳምፕራስ አንድ ተኩል እርምጃ ያህል ዘግይቷል፣ ቀጣዩንም አያሸንፍም ብሎ ተናገረ። ቀጣዩን አሸነፈ። ከዚያ የሚቀጥለውንም። ፍጻሜው ላይ አንድሬ አጋሲን ረትቶ 14ኛ ግራንድ ስላሙን ወሰደ። ከዚያ በኋላ በውድድር አልተጫወተም። «በክብሩ ያቆመ» ስንል የምንጠራው እሱን ነው። ይሁን እንጂ ሰው በክብርህ አቁም ባለው ጊዜ ቢያቆም ኖሮ የመጨረሻ ጨዋታው ከባስትል ጋር ያደረገው ይሆን ነበር። ይህን ሳስብ አንድ ነገር ግልጽ ይሆንልኛል። ማቆሚያውን በትክክል ያወቀው ሳምፕራስ ራሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ላስ ቬጋስ፣ ኖቬምበር 1997

ከሁሉም በላይ ግን የማስበው ስለ አንድሬ አጋሲ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 1999 ፓሪስ ላይ ዋንጫ ይዞ ሲያለቅስ ነው። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው፣ ካሜራ ያልበዛበት ሳምንት ነው።

አጋሲ 1995 ላይ የዓለም ቁጥር 1 ነበር። በቀጣዩ ዓመት አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ የእጅ አንጓው ታመመ፣ ትዳሩ ደስታ አልሰጠውም፣ ልምምድ ተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ እንደተናገረው በዚያ ጊዜ አደንዛዥ ዕፅም ወስዷል። ቴኒስን ድሮም አልወደውም ነበር ይላል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ኳስ የሚተፋ ማሽን ፊት አቁመውት ነው ያደገው። 1997 ኖቬምበር ላይ ደረጃው 141ኛ ሆነ። አንደኛ ከሆነ ገና ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በዚያ ሰሞን ሽቱትጋርት ላይ ገና በመጀመሪያ ጨዋታው ተሸነፈ። አሰልጣኙ ብራድ ጊልበርት እንዲህ ሆኖ መቀጠል እንደማይቻል ነገረው። ወይ ማቆም ነው፣ ወይ ከዜሮ መጀመር። አጋሲ ከዜሮ ልጀምር አለ። ቃል መስጠት ቀላል ነው። ጥያቄው ዜሮው የት ነው የሚለው ነው።

ዜሮው ቻሌንጀር የሚባለው ውድድር ሆነ። ቻሌንጀር ስማቸው ያልተጠራ ልጆች ደረጃቸውን ለማሻሻል የሚጫወቱበት የታችኛው እርከን ነው። ተመልካቹ ጥቂት ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ የነጥብ ሰሌዳው ያኔ በእጅ የሚገለበጥ ነበር። አጋሲ ወደዚያ እንዲወርድ ያስገደደው ማንም አልነበረም። የሱን ያህል ስም ላለው ተጫዋች የትልልቅ ውድድር አዘጋጆች ደረጃው ምንም ቢሆን በልዩ ግብዣ በር ይከፍታሉ። እየተጋበዘ፣ በየስታዲየሙ እየተጨበጨበለት፣ በመጀመሪያው ቀን እየተሸነፈ ሁለት ሦስት ዓመት መግፋት ይችል ነበር። ስሙን ይዞ ማለት ነው። እሱ ግን ስሙን የማይመጥን ቦታ መረጠ።

ቦታው ደግሞ ላስ ቬጋስ ነው። ተወልዶ ያደገባት ከተማ።

እዚህ ላይ ነው ሁሌ የምቆመው። ባሕር ዳር ተቀምጬ ሳስበው ይህ ነገር በደንብ ይገባኛል። አዲስ አበባ ክለብ ገብቶ የነበረ ሯጭ ሲጎዳ ቶሎ ወደ አገሩ አይመለስም። ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ለቤተሰቡ ደህና ነኝ እያለ፣ እዚያው ይከርማል። ከስደት የተባረረም እንደዚሁ ነው። «ባዶ እጄን እንዴት ብዬ እገባለሁ?» ይላል። ሽንፈቱን ራሱን ይችለዋል። የማይችለው ሽንፈቱን የሰፈሩ ሰው፣ አብሮ አደጎቹ፣ ድሮ ያስተማሩት ሲያዩት ነው። ባዕድ አገር መውደቅ በስንት ጣዕሙ! ይሉኝታ የሚያሳድደን ከሚያውቀን ሰው ዘንድ ነው።

አጋሲ ከዚያ ከሚያውቀው ሰው ፊት ገባ። ነገሩን እንደ ተረት ብንፈልገው እዚያ ማሸነፍ ነበረበት። አላሸነፈም። ፍጻሜ ደረሰና ክርስቲያን ቪንክ በሚባል ጀርመናዊ ተሸነፈ። ስለ ቪንክ ብዙ ሰው ከዚህ ውጭ የሚያውቀው የለም። የቀድሞ የዓለም አንደኛ፣ በገዛ ከተማው፣ በታችኛው እርከን፣ ፍጻሜ ላይ ተረታ። የኛ አዛውንት እዚያ ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም ከጎናቸው ብሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር።

ከዚያ ሽንፈት ማግስት ምን እንደተሰማው በእርግጥ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያደረገውን ግን እናውቃለን። ቤቱ አልተቀመጠም። ወደ ሌላ ቻሌንጀር፣ ወደ በርባንክ ሄደ። እዚያ አሸነፈ። 1998ን ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ። 1999 በፓሪሱ ውድድር፣ በሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ላይ በአንድሬ ሜድቬዴቭ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 6 ለ1 እና 6 ለ2 ተመርቶ፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን አሸነፈ። አራቱንም ግራንድ ስላሞች ያሸነፈ አምስተኛው ወንድ ሆነ። ዓመቱንም ቁጥር 1 ሆኖ ጨረሰ።

ደጋግሜ የምቆጥረው ቁጥር ይህ ነው። አጋሲ በሕይወቱ ያነሳው 8 ግራንድ ስላም ነው። 3ቱ ከውድቀቱ በፊት ናቸው። 5ቱ ከውድቀቱ በኋላ ናቸው። ዛሬ አጋሲ ስንል የምንጠራው ሰው አብዛኛው የተሠራው «ይብቃው» ከተባለ በኋላ ነው። ስሙን ይዞ ቢቀር ኖሮ ይዞት የሚቀረው ስም እኛ የምናውቀው ስም አልነበረም።

ውኃ የጠጣ ታንኳ

እርግጥ መመለስ ማለት መግፋት ብቻ አይደለም። ይህን የጣና ዓሣ አጥማጅ ከማንም በላይ ያውቃል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል። ባለቤቱ ጎትቶ ያወጣውና ዳር ላይ አቁሞ በፀሐይ ያደርቀዋል። በዚያ ቀን ዓሣ ይቀርበታል። ይቀራል እንጂ እርጥቡን ይዞ አይገባም።

ፌደረር 2016 ላይ ያደረገው ይኸንኑ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ጉልበቱን ተሰፋ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነበር። ቶሎ ተመለሰ፤ ጉልበቱ ግን አልዳነም። ከዊምብልደን በኋላ ኦሊምፒኩንም ዩኤስ ኦፕንንም ትቶ ስድስት ወር ዐረፈ። ዕድሜው 35 ነበር። በዚያ ዕድሜ ስድስት ወር መቀመጥ ማለት ብዙ ሰው ጫማ መስቀል ነው የሚለው። በኦክቶበር ዋና ተቀናቃኙ ራፋኤል ናዳል ማዮርካ ላይ አካዳሚውን ሲከፍት ፌደረር ሄዶ ነበር። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው የእጅ አንጓውን ታሞ፣ ሁለቱም የደህና ጨዋታ አቅም ስላልነበራቸው ከሕፃናት ጋር ትንሽ ኳስ ተለዋወጡ። ከሦስት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ 2017 ጃንዋሪ 29፣ ሜልበርን ላይ በአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ተገናኙ። አምስተኛው ዙር ላይ ናዳል 3 ለ1 ይመራ ነበር። ፌደረር የቀሩትን አምስት ጌሞች በተከታታይ ወሰደ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ግራንድ ስላም ነው።

በዚያ ጨዋታ ዓይኔን የያዘው የፌደረር ባክሃንድ፣ በእጁ ጀርባ በኩል የሚመታው ምት ነው። ለዓመታት ናዳል ከፍ እያደረገ የሚልክበት ኳስ እዚያ ጎኑ ላይ ያስቸግረው ነበር። በዚያ ምሽት ወደ ኋላ አልሸሸም። ኳሷ ሳትነሳ ገብቶ መታት። ከዚያ ጀርባ ደግሞ አንድ ውሳኔ አለ። ፌደረር ከዚያ በፊት ግራንድ ስላሞቹን ሁሉ ያሸነፈው 90 ካሬ ኢንች በሆነች ትንሽ ራኬት ነው። 2014 ላይ ተዋትና 97 ያዘ። ሰፋ ያለ ራኬት ስህተትን ይችላል። 17 ግራንድ ስላም ያመጣችለትን ራኬት ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የእጁ ያህል የለመደው መሣሪያ ያለው ሰው ነው።

ከዚህ ጎን ብዮርን ቦርግን አስቀምጡት። ቦርግ 11 ግራንድ ስላም አሸንፎ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ቴኒስን ተወ። 1991 ላይ ሞንቴ ካርሎ ሲመለስ ጓደኞቹ ሁሉ የእንጨት ራኬት ከጣሉ ቆይተዋል። እሱ የእንጨቱን ይዞ ገባ። በጆርዲ አሬሴ ተሸነፈ። በኋላ ራኬቱን ቢቀይርም በዚያ የመመለስ ሙከራ በዋናው የወንዶች ውድድር አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ቀረ። ቦርግ ሲወቀስ መስማት አልወድም። በሃያ አምስት ዓመቱ የደከመውን ሰው ድካም ማን ለክቶት? ግን ያ የእንጨት ራኬት ብዙ ይናገራል። የፈለገው የድሮውን ቦርግ ነበር፤ እንደ ልማዱ፣ ቦርግ በተወው ቦታ እንዲያገኘው።

ሴሬና ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። 2012 ፓሪስ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ በቪርዢኒ ራዛኖ ተሸነፈች። ከዚያ በፊት በግራንድ ስላም የመጀመሪያ ጨዋታ ተሸንፋ አታውቅም። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል የሚያሰኝ ቀን ነበር። ዕድሜዋ 30 ነው። ወደ ቤቷ አልሄደችም። እዚያው ፓሪስ ቆየችና ከፓትሪክ ሙራቶግሉ ጋር ልምምድ ጀመረች። በዚያው ዓመት ዊምብልደንን፣ የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅን፣ ቀጥሎም ዩኤስ ኦፕንን ወሰደች። ጆኮቪችም ያሰናበታቸውን የድሮ አሰልጣኙን ማሪያን ቫይዳን 2018 ላይ ተመልሶ ጠራ። ከፓሪስ ሽንፈት በኋላ ከባለቤቱ ጋር ፈረንሳይ ውስጥ ተራራ ወጣ፤ ከዚያ ዊምብልደንን አሸነፈ። «ና፣ ታስፈልገኛለህ» ብሎ ያሰናበቱትን ሰው መጥራት ሰርቭ ከማስተካከል ይቀላል ብዬ አላምንም።

የኛው ሰው

ይህን ሁሉ ስጽፍ ከልቤ ያልወጣው ቀነኒሳ በቀለ ነው። ሩጫና ቴኒስ ቢለያዩም፣ «ስሙን ይዞ ቢቀር» የሚለውን ቃል ከማንም በላይ የሰማሁት ስለሱ ነው። ቤጂንግ 2008 ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ወርቅ ሲወስድ አገሩ ሁሉ ጨፈረ። ከዚያ ባቱ ታመመ። 2011 ዴጉ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ በዓለም ሻምፒዮና ላይ አቋርጦ ወጣ። ወደ ማራቶን ሲዞር አንዱን ሲያሸንፍ ሌላውን ያቋርጣል። 2017 ዱባይ ላይ መነሻው ላይ ወደቀና አልጨረሰም። በዚያው ዓመት በርሊንንም አቋረጠ። 2018 አምስተርዳምንም። በዚያ ሰሞን ስሙ ሲነሳ ከንፈር የማይመጥ ሰው አልነበረም።

2019 ሴፕቴምበር 29 በርሊን ላይ 37 ዓመቱ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሰ ጥሎት ሄደ። እዚህ ባሕር ዳር አብረን የምናይ ሰዎች ስልካችንን ማየት ጀመርን። «አለቀ» አለ አንዱ። ቀነኒሳ ግን ፊቱን ሳያጨማድድ ርቀቱን በላው፣ ደረሰበት፣ አለፈው። 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። በጊዜው ከነበረው የኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ የዘገየ። ቤቱ ጩኸት በጩኸት ሆነ። ካለቀሱት አንዱ «አለቀ» ያለው ልጅ ነው።

ያን ቀን ካቋረጣቸው ውድድሮች ለይቼ ማየት አልችልም። አምስተርዳም ላይ ያቆመው እግርና በርሊን ላይ የሮጠው እግር አንድ ነው። እኛ የምንፈልገው በርሊንን ብቻ ነው። ትዝታችን እንዳይቆሽሽ እንጠነቀቃለን፤ ይገባኛል፣ ትዝታው የኛም ሀብት ነው። ግን አንድን ሰው የኔን ትዝታ ጠብቅልኝ ብለን ሥራውን እንዲተው መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው። አጋሲን ላስ ቬጋስ እንዳይገባ መጠየቅ ነው።

ቀነኒሳ 2024 ለንደን ማራቶን ላይ በ41 ዓመቱ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ታምራት ቶላ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ሲያመጣልን ጨፈርን። ጭፈራው ሳይበርድ አንዱ «ቀነኒሳስ?» አለ። 39ኛ ሆኖ ገብቷል። «ይብቃው እንግዲህ» የሚለው ቃል ወዲያው ተነሳ። እኔ በዚያን ጊዜ ውጤቱን ከስልኬ እያነበብኩ ነበር፤ ያን ሁሉ ዳገት ሮጦ ጨርሷል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ቀጥሎ የት እንደሚሮጥ ጠየቁኝና ስለ ማራቶን ማውራት ጀመርን።